የቡርቃው ዙሪያ መንገድ

አስጎብኚው ልጅ እየዋሸ እንደሆነ እያወቅሁ ዝም ብዬ ተከተልኩት። ከኮምቦልቻ የመጡ ተማሪዎችን አስከትሎ፣ «ይህን የእግር መንገድ የጀመሩት የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው፤ ከአፋር ጨው ጭነው ሲወጡ ግመሎቻቸውን በዚህ ያሳልፉ ነበር» ይላል። ተማሪዎቹ ገደሉን ከኋላቸው አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። ግመል በዚያ ጫፍ ለማለፍ ሞክሮ ቢሆን ኖሮ አጥንቱን ዛሬም ከታች እናገኘው ነበር። ልጁ ግን አነጋገሩ ያምርበታል፤ እንጀራውም ነው፤ ምን ብዬ አቋርጠዋለሁ? መንገዱን የጀመረችው እናቴ ናት። ነጋዴ አልነበረችም፤ ግመልም አልነበራት። እርጉዝ ነበረች።

ምንጯ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ዳገቱ ወገብ ላይ ናት። የራሷ ስም የላትም፤ ቡርቃ እንላታለን፤ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። አሁን ዙሪያዋን የድንጋይ ደረጃ ተሠርቶላታል፤ በገደሉ በኩል የእንጨት መደገፊያ ተተክሎላታል፤ መግቢያው ላይ ቀስት የተሳለበት ሰሌዳ ቆሟል። ዞሮ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ግን ግማሹ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከፊቴ ያለፉት ተማሪዎች ውሃው ዳር የበቀለውን ናና ረግጠውት ሄደው ነበር፤ የናናውና የጭቃው ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ዓመት ጠዋት ጠዋት እዚህ ቦታ እናቴ ወገቧን ይዛ ቆማ ስታርፍ ከሥሯ የሚነሳው ሽታ ይህ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ጠፋች። ከጎረቤታችን ከእትዬ ሀሊማ ልጅ ከነጃት ጋር ተማክረው፣ ደላላ አግኝተው፣ ጨፋ ሮቢት ገበያ ነው የምንሄደው ብለው ወጡና በዚያው ቀሩ። በአፋር በረሃ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ያን መንገድ የማያውቅ ልጅ በእኛ አገር አልነበረም፤ ክልሎቻችንን በቅጡ ሳንቆጥር እሱን በቃላችን እንወጣው ነበር። ሰዓዳ ከመሄዷ በፊት በነበረው ምሽት ፀጉሬን ሹሩባ ሠርታልኝ ነበር። ከወትሮው አጥብቃ ስለጎነጎነችው አለቀስኩ፤ «ቶሎ እንዳይፈታ ብዬ ነው» አለችኝ።

እማና እትዬ ሀሊማ በዚህ ነገር ምንጩ ላይ ተጣሉ።

«ልጄን ያሸፈተችብኝ ያንቺ ልጅ ናት!» አለች እማ።

«ያንቺዋ ናት እንጂ! ነጃት እኮ ከደጄ ርቃ አታውቅም» አለች እትዬ ሀሊማ።

ጀሪካኖቻቸውን እያጋጩ ተለያዩ። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ውሃ የቀዱ፣ በአንድ ዓመት የተዳሩ ሴቶች ናቸው። ሲጣሉም ጠባቸው አያድርም፤ አንዷ ለሌላዋ እሳት ልትጫር መሄዷ አይቀርም። ይህኛው ግን አደረ፤ ሰነበተም።

ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የመንደሩ ወንዶች ሾላው ሥር ተሰብስበው አየሁ። አባቴ መሐላቸው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ባለሱቁ ትከሻውን ይዞታል። አባቴን ከሰው ሊያስታርቁት መስሎኝ አለፍኩ። ያኔ በመንደሩ ሞባይል ያለው ባለሱቁ ብቻ ነበር። የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። ከጀልባዋ የተረፈ አንድ የሰንበቴ ከተማ ልጅ በዚያ ስልክ ደውሎ፣ ባሕሩ ላይ መስጠማቸውን፣ ሰዓዳና ነጃት አብረው መሄዳቸውን ተናግሮ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሾላው ሥር የተቀመጡት ሊመክሩ ነው። በእኛ አገር እርጉዝ ቤት መርዶ አይገባም። አራስ ቤትም አይገባም። እማ እስክትወልድና አርባዋ እስኪወጣ መንደሩ ሁሉ አፉን እንዲይዝ ተስማሙ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእናቴን ጆሮ ባዳ ያደረገው ግን አገር ተሰብስቦ ነው።

በማግስቱ ወንዶቹ ማጭድና መጥረቢያ ይዘው ወጡ። ወደ ቡርቃ የምንወርድበትን አቋራጭ፣ በእትዬ ሀሊማ ደጅ የሚያልፈውን፣ በግራር እሾህ ዘጉት። በምትኩ ክትክታውን መንጥረው፣ ድንጋዩን ገልብጠው፣ ምንጩን በገደሉ በኩል ዞሮ የሚመጣ ቀጭን መንገድ አወጡ።

«ምነው? ምን ተገኘ?» አለች እማ።

«ዘንዶ ታይቷል» አሉ አኮ ከድጃ።

አኮ አያት ማለት ነው። አኮ ከድጃ ግን ልጅ ወልደው አያውቁም፤ የመንደሩን ልጅ ያዋለዱት ግን እሳቸው ናቸው። ሰዓዳንም እኔንም የተቀበሉት እሳቸው ስለሆኑ እማ ቃላቸውን አታልፍም ነበር።

«ዘንዶ? እዚህ?»

«ዘንዶ ነዋ! እርጉዝ ደግሞ ዘንዶ ማየት የለባትም። ከዛሬ ጀምሮ በዙሪያው ነው የምትሄጂው። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ መራመድ ለምጥ መልካም ነው።»

እማ ሳቀች። «አንቱ ደግሞ! እንኳን ዘንዶ፣ ጅብም ይህን ሆድ ቢያይ ይሸሻል» አለች።

እንዲህ ሆነን ጀመርነው። አኮ ከድጃ ከፊት በምርኩዛቸው ጤዛውን እያራገፉ፣ እማ ከመሐል፣ እኔ ትንሿን ቢጫ ጀሪካን ይዤ ከኋላ። መንገዱ ገና ስላልተረገጠ የተቆረጠው የክትክታ ጉቶ እግራችንን ይወጋን ነበር። ገደሉ ጫፍ ላይ ስንደርስ የጨፋ ሸለቆ ከሥራችን ይዘረጋል፤ የቦርከና ወንዝ ሲያበራ፣ ማሽላው ቀይ መሆን ሲጀምር፣ ከብቱ መስኩን ሲያጠቁረው ይታያል። እማ እዚያ ስትደርስ ትቆማለች። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ወደ ምሥራቅ ታያለች።

«አኮ፣ በዚያ በኩል ነው አይደል የሄዱት?»

«በዚያ በኩል ነው።»

«እስካሁን ደርሳለች?»

«ደርሳለች» ይላሉ አኮ፤ ወዲያው ምርኩዛቸውን አንስተው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። እማ በየቀኑ ትጠይቃለች፤ እሳቸውም በየቀኑ ይህንኑ ይመልሳሉ። እንደማይሰለቻቸው ይገርመኝ ነበር።

ምንጩ ላይ ደግሞ ሌላ ተአምር ጠበቀን። ቡርቃ ላይ ወረፋ ማለት የክርን ጦርነት ነው፤ እማ ራሷ በዚያ ጦርነት የታወቀች ጀግና ነበረች። አሁን ግን ገና ብቅ ስትል ሴቶቹ ይለቁላታል። «ነይ ነይ፣ ኮቱ፣ አንቺ ቅጂ» ይሏታል በአማርኛም በኦሮምኛም። ጀሪካኗን የሚሞላላት አለ፤ ስትነሳ እጇን የሚይዝላት አለ። ቤታችን እሸት ይመጣል፣ ወተት ይመጣል፣ ማሾ ይመጣል። እኔ ነገሩን በራሴ መንገድ ፈታሁት። ሰዓዳ ዐረብ አገር ስለገባች ልንከብር ነው፤ ሰዉ ከወዲሁ እያጎበደደልን ነው አልኩ። ትምህርት ቤት ሄጄም አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ጀመርኩ። አስተማሪያችን እንኳ የቤት ሥራ ሳልሠራ ስቀር አይቆጣኝም፤ አይቶኝ ያልፋል። እህት ዐረብ አገር መኖሯ እንዲህ ደግ ነገር ከሆነ ሁለተኛ እህት በኖረችኝ እያልኩ እመኝ ነበር።

እማም ሳታስተውለው አልቀረችም። «ሰው እንዲህ መልካም ነው ለካ» አለች አንድ ቀን ለአኮ። «እስከዛሬ በከንቱ ስንጣላ ኖረን።» ቀጥላም፣ «ሀሊማ ብቻ ናት ያኮረፈችኝ። ቡርቃም አትመጣ። እኔ ተቆጥቼ ነው እንጂ ከልቤ እንዳልሆነ ጠፍቷት ነው?» አለች።

አባቴ ቤት ማደር ተወ። ወፍ የሚጠበቅበት የማሽላ ማማ ላይ ማደር አመጣ። እማ አላስቀረችውም፤ ግን ቀለደችበት። «ወፍ እንኳ ሲመሽ ቤቷ ትገባለች፤ አንተ ማማው ላይ ሁለተኛ ሚስት አገኘህ እንዴ?» ትለዋለች። ይስቃል፤ ፊቱን ግን ወደ በሩ አዙሮ ነው የሚስቀው። ጠዋት ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ አየዋለሁ። የማሽላ አቧራ ነው ብዬ ለማንም አልነገርኩም።

ዘንዶው አላስቀምጥ አለኝ። ከጓደኞቼ መሐል ዘንዶ አየሁ ማለት የምትችል አልነበረችም። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ቀደም ብለው ሲለቁን በእሾሁ ሥር ሾልኬ ወደ አቋራጩ ገባሁ። ዘንዶ የለም። እትዬ ሀሊማ አጥሯ ሥር ብቻዋን ተቀምጣለች። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከታዋለች፤ በጥርሷ ነክሳዋለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የላትም። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ሰው ሲያለቅስ እንደሚጮህ ነው የማውቀው።

ስታየኝ ነጠላዋን ቶሎ አወጣች።

«እትዬ ሀሊማ፣ ጥርስሽን አመመሽ?» አልኳት።

ጉንጯን በመዳፏ ያዘችና «አዎ ልጄ፣ ጥርሴን ነው» አለችኝ።

እየሮጥኩ ሄጄ ለእማ ነገርኳት። አቋራጩን ለምን ረገጥሽ ብላ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተነስታ ቅርንፉድ ከቋጠረችበት ጨርቅ ውስጥ ፈታ ሰጠችኝ። «በይ ውሰጂላት። በታመመው ጥርሷ ታድርገው። ፋጡማ አላኮረፍኩሽም ብላሻለች በያት» አለችኝ። እናቴ ፋጡማ ነው ስሟ።

ወሰድኩላት። እትዬ ሀሊማ ቅርንፉዱን መዳፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አንዷን ፍሬ አንስታ በፊቴ አፏ ውስጥ አስገባችና ነከሰቻት። «ተሻለኝ በያት። እንደ ምንም በሰላም ትገላገል በያት» አለችኝ። እኔም መልእክቴን በማድረሴ ኮርቼ ተመለስኩ። እማ፣ «አልሃምዱሊላህ፣ ታረቅን» አለች፤ የዚያን ቀን እያዜመች ማሽላ ስትለቅም ዋለች።

እማ የወለደችው ማሽላው አውድማ ሲገባ ነው። ወንድ ልጅ ነበር። አኮ ከድጃ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ማሻአላህ፣ ጎልማሳ ነው!» ሲሉ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እልልታው ግን ቶሎ አለቀ። በወጉ መሠረት ለስሙ በግ ሊታረድ ሰው ሲሰበሰብ እማ ከአልጋዋ ላይ ሆና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ስሙን የምታወጣው ሰዓዳ ናት። ወንድም ውለጂልኝ እያለች ስትጨቀጭቀኝ የኖረች እሷ ናት። ደውሉና ጠይቋት።»

ሰዉ ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ።

«እዚህ እኮ ኔትወርክ የለም» አለ ባለሱቁ።

«ጉብታው ላይ ይገኛል ስትል አልነበር? ወላሂ ሰዓዳ ሳትሰማ ለዚህ ልጅ ስም አይወጣለትም!»

አባቴ ተነሳ። ከባለሱቁ እጅ ሞባይሉን ተቀበለና ወጣ። የእህቴን ድምፅ እሰማለሁ ብዬ ከኋላው ሮጥኩ። ጉብታው ላይ ስደርስ ለመንደሩ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ሞባይሉ ጉልበቱ ላይ ነው። ከጆሮው አላደረገውም፤ ቁጥሩንም አልነካም። ቁልቁል ሸለቆውን ያያል። ቀድሞኝ አናግሯት ጨርሶ ነው ብዬ ተናደድኩ።

«አባ፣ አናገርካት?»

ደንግጦ ዞረ። «አናገርኳት።»

«ማን ይባል አለች?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ሳቢር ይባል አለች» አለኝ በመጨረሻ። ሳቢር በዐረብኛ ታጋሽ ማለት ነው።

«እኔንስ ጠየቀችኝ?»

«አንቺንማ መጀመሪያ ጠየቀች። ትምህርቷን እንዳትተው በላት አለችኝ።»

እጄን ያዘኝና አብረን ወረድን። እማ ስሙን ስትሰማ ሕፃኑን አቅፋ፣ «ሳቢር! እህትህ ያወጣችልህ ስም ነው፤ ሰምተሃል?» አለችው። አኮ ከድጃ ውሃ ላምጣ ብለው ወጥተው ሳይመለሱ ብዙ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ሳስብ እናቴ ሕይወቷን ሙሉ ከሳቀችው የበዛውን ያን ሰሞን የሳቀች ይመስለኛል። ወተቷ ተትረፈረፈ፤ ፊቷ ጠገበ። ሽማግሌዎቹ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር፤ ሕፃኑ ከእናቱ ጡት ሐዘን እንዳይጠባ።

አርባዋ በወጣ ማግስት፣ የፈጅር ሶላት እንዳበቃ፣ የብዙ ሰው እግር ደጃችን ላይ ሰማሁ። ወንዶቹ በር ላይ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ከኋላ ናቸው፤ ማንም ሰላምታ አያቀርብም። አኮ ከድጃ ገብተው ሳቢርን ከእማ ክንድ ላይ አነሱትና ለእኔ ሰጡኝ። እማ ገባት። በእኛ አገር ሰው በጠዋት ተሰብስቦ ያለ ሰላምታ ደጅ ከቆመ ትርጉሙ አንድ ነው።

«ማን ነው?» አለች። «እናቴ ናት?»

«አይደለችም» አሉ ከወንዶቹ ፊት የቆሙት ሼክ።

«ወንድሜ ነው?»

«አይደለም። ፋጡማ፣ ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን በይ። የሰጠሽ ጌታ ወሰደ። ሰዓዳ ናት። ባሕሩ ነው።»

እማ ራሷን ነቀነቀች። «ተሳስታችኋል» አለች ረጋ ብላ። «ሰዓዳማ ደህና ናት። ለልጁ ስም አውጥታለች።» ወደ አባቴ ዞረች። «ንገራቸው እንጂ! አንተ አይደለህም ያናገርካት?»

አባቴ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጎትቶ ሸፈነው። እንባውን ያየሁት ያኔ ነው፤ ከፎጣው ሥር ጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። እማም አየችው። እኔ ሳቢርን አቅፌ የሰማሁት ትንፋሿን ብቻ ነው።

«መቼ?» አለች።

«ማሽላው ሳያሽት» አሉ አኮ ከድጃ። «ባንቺና በሕፃኑ ነፍስ ፈርተን ነው ልጄ። አውፍ በይን።»

«ነጃትስ?»

«አብረው ነበሩ።»

እማ ብድግ አለች። «ያ ረቢ! ሀሊማ! ለሀሊማ ማን ይነግራታል? እኔ ልሂድ፣ እኔ ነኝ የምነግራት፣ በእኔ አፍ ብትሰማው ይሻላታል...»

«ሀሊማ ታውቃለች» አሉ አኮ። «ያን ጊዜውኑ ነው የነገርናት።»

«ያን ጊዜ? ታዲያ መቼ አለቀሰች? ጎረቤቷ ሆኜ እኔ ሳልሰማ?»

አኮ ከድጃ መሬት መሬቱን አዩ። «አንቺ እንዳትሰሚ ነዋ» አሉ። «ለምነናት ነው። እሺ አለችን።»

እማ ሰዉን በእጇ ገፋ ገፋ አድርጋ ወጣች። በዙሪያው መንገድ አልሄደችም። አቋራጩን የዘጋው የግራር እሾህ ዘንድ ስትደርስ በባዶ እጇ ትጎትተው ጀመር። ወንዶቹ ሊያግዟት ሲጠጉ «አትንኩ!» አለቻቸው። ቅርንጫፉን አንድ በአንድ እየጎተተች ወደ ገደሉ ወረወረችው፤ መዳፏ ደማ። እኔ ሳቢርን ይዤ ተከተልኳት፤ ማንም አልከለከለኝም።

እትዬ ሀሊማ የእሾሁን ድምፅ ሰምታ ደጇ ላይ ወጥታ ቆማለች። ከስታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። ሁለቱ ተያዩ።

«ነገሩሽ?» አለች እትዬ ሀሊማ።

«ነገሩኝ።»

«አሁን ይቻላል?»

እማ ደሙ በሚንጠባጠብ እጇ የእትዬ ሀሊማን ነጠላ ከአፏ ላይ ወሰደችው። «ይቻላል እህቴ» አለቻት። «አልቅሺ።»

እትዬ ሀሊማ ያን ጊዜ የልጇን ስም ጠርታ ጮኸች።